የወተት ላም እርባታና ከብት ማድለብ፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ላም ወይም ሰንጋ ገዝቶ ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

ወተት ልጀምር ወይስ ድለባ?

ወተት በየቀኑ ገንዘብ ያስገባል፤ በየቀኑም ሰው ይፈልጋል። ላም እሑድም በዓልም አታውቅም። ጠዋት በሰዓቷ ትታለባለች፣ ማታም እንዲሁ። ለቅሶ ቢኖር፣ ሠርግ ቢኖር አንድ ሰው በረት ውስጥ መገኘት አለበት። ድለባ ላይ ግን ገንዘቡ የሚመጣው ሦስት ወር ገደማ ከርሞ፣ በአንድ ጊዜ ነው። ሥራው ቀለል ይላል። ፈተናው ያለው ገዝቶ መሸጡ ላይ ነው፤ በውድ የገዛ ሰው ከብቱ ቢሰባለትም ትርፍ ላያይ ይችላል።

ቤት ውስጥ ቋሚ ሰው ከሌለ ወተት አትጀምሩ። ይህ በተለይ ከአረብ አገርም ሆነ ከአሜሪካ ብር ልከው ለቤተሰብ ላም ማስገዛት ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ከብሩ በፊት የሚያልበው፣ የሚያበላው፣ ስትታመም ቀድሞ የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ። እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ በድለባ መጀመር ይሻላል።

በስንት ከብት ልጀምር?

ለወተት ሁለት ላም ጥሩ መነሻ ነው። አንዲት ላም ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል ትነጥፋለች። ሁለት ካሏችሁና የሚወልዱበት ጊዜ ከተራራቀ፣ አንዷ ስትነጥፍ ሌላዋ ትታለባለች። ደንበኛችሁም አይበተንም። ለድለባ ከሁለት እስከ አራት ሰንጋ ይበቃል።

ቁጥሩን መወሰን ያለበት ግን ኪሳችሁ ሳይሆን መኖ ማከማቻችሁ ነው። ለአንድ ዓመት የሚሆን ድርቆሽና ጭድ የምታስቀምጡበት፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ አላችሁ? እሱ የሚችለውን ያህል ከብት ግዙ። መኖ ከላም ይቀድማል። ይህን ያልኩት ሥራውን ጀምረው በግንቦት ላሞቻቸውን በርካሽ የሚሸጡ ሰዎችን ስለማይ ነው። ብዙዎቹ ላም መምረጥ አልቸገራቸውም፤ ያለቀባቸው ድርቆሽ ነው።

የትኛው ዝርያ ይሻለኛል?

ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ዝርያዎቿም በየአካባቢው ተለይተው የታወቁ ናቸው። ቦረና ለሥጋ ተመራጭ ነው፤ ሙቀትና ድርቅም ይችላል። ፎገራ ከጣና ዙሪያ ሜዳ የመጣ ሲሆን ከሀገር ውስጥ ዝርያዎች በወተቱ ይወደሳል። በጌትም እንዲሁ። ሆሮ በወለጋ፣ አርሲ በደጋው ይገኛሉ። በደቡብ ምዕራብ ያለው የሸኮ ከብት ደግሞ ገንዲ የሚባለውን በዝንብ የሚተላለፍ የከብት በሽታ በመቋቋም ይታወቃል። ገንዲ ባለበት ቆላ ውስጥ ይህ ጠባይ ከወተት መጠን ይበልጣል።

ያልተዳቀለች የሀገር ላም በአማካይ በቀን 1.5 ሊትር ገደማ ነው የምትሰጠው። ለገበያ ወተት ካሰባችሁ ከሆልስታይን ፍሪዥያን ወይም ከጀርሲ የተዳቀለች ላም ያስፈልጋችኋል። በደንብ የተያዘች ዲቃላ በቀን ከ8 እስከ 15 ሊትር ትሰጣለች። ማዳቀሉ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ለገበሬው ዲቃላ ጊደር ሲያከፋፍል ነበር፤ የአሰላ አካባቢ ላሞች ዛሬም ስም አላቸው።

«ሙሉ የፈረንጅ ደም ያላት አትሻልም?» ይሉኛል። ለጀማሪ አትሻልም። የፈረንጅ ደሟ ሲጨምር ወተቷ የሚጨምረው መኖው፣ ጥላው፣ ሕክምናው አብሮ ሲጨምር ብቻ ነው። ከ50 እስከ 75 በመቶ ያላት ላም ለመጀመሪያ ትበቃለች። መኖ ውድ ከሆነ ደግሞ ጀርሲ ዲቃላን አስቡባት፤ ሰውነቷ አነስ ያለ ነው፣ ወተቷ ቅባት አለው።

ላም ስገዛ ምን ልይ?

ከተቻለ ገበያ ሳይሆን ባለቤቱ ቤት ሄዳችሁ ግዙ። ማታ አንድ ጊዜ፣ በማግስቱ ጠዋት አንድ ጊዜ ፊታችሁ ትታለብ። ይህን ማድረግ ያለባችሁ አንዳንድ ሻጭ ለገዢ የሚያሳያትን ላም ሳያልብ ስለሚያቆያት ነው፤ ጡቷ ተወጥሮ ያያችሁት ወተት የሁለት ጊዜ ሊሆን ይችላል። አራቱም የጡት ጫፎች ወተት ያወርዳሉ? ጡቷን ዳስሱት። ከታለበ በኋላ እንደ ባዶ ከረጢት መለስለስ አለበት። አንዱ ጎን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ከቀረ አትግዙ።

አረማመዷን፣ ጥርሷን፣ ዓይኗን እዩ። ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ ጠይቁ። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ያለች ላም ጥሩ ዕድሜ ላይ ነች። እርጉዝ ናት ከተባለ ሐኪም ወይም አዳቃይ (የኮርማ ዘር የሚያስገባው ባለሙያ) እጁን አስገብቶ ያረጋግጥ፤ በደላላ ቃል ብቻ አትክፈሉ። የውርጃ በሽታና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ከተቻለ ይደረግ። ሁለቱም ወደ ሰው ይተላለፋሉ።

በቀን ምን ያህል መኖ ትበላለች?

400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ከዚህ ውስጥ 7 ኪሎው ድርቆሽ ነው እንበል። በዓመት 2,500 ኪሎ ያልፋል ማለት ነው። አንዱ ቤል (የታሰረ ድርቆሽ) 15 ኪሎ ገደማ ከሆነ፣ 170 ቤል። ለአንዲት ላም! ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ድርቆሽ የሚታጨደው ክረምቱ ሲወጣ ነው። በሱሉልታ፣ በሰላሌ፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ ይታሰራል፤ ያኔ ዋጋው ይሻላል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ያው ቤል ዋጋው ሌላ ነው። ስትገዙ አንዱን ቤል አስፈቱና መሐሉን አሽትቱ። አረንጓዴ ቀለሙን ያልለቀቀ፣ ቅጠሉ ያልረገፈ፣ ሻጋታ የማይሸት ይሁን። ውጩ አምሮ ውስጡ የጠቆረ ቤል ብዙ አለ።

በድርቆሽ ብቻ ወተት አይመጣም። ፉርሽካ፣ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ የቅባት እህል) እና የበቆሎ ስባሪ የተቀላቀለበት ድጋፍ መኖ ያስፈልጋል። ለመነሻ ከ100 ኪሎ ውስጥ 50 ፉርሽካ፣ 30 የኑግ ፋጉሎ፣ 18 በቆሎ፣ 1 ጨው፣ 1 የመኖ ኖራ ይሁን። ለሁለት ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ድብልቅ ስጡ፤ ከዚያ ወተቷን እያያችሁ አስተካክሉ። የቢራ ተረፈ ምርት ወይም የጠላ አተላ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ሳይቆይ ትኩሱን። ትንሽ መሬት ካለ አልፋልፋ፣ ዝሆኔ ሣር ወይም ዴሾ አብቅሉበት። ጠርዙ ላይም ቢሆን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የሻገተ ፋጉሎ አታብሉ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል፤ መርዙ በላሟ አልፎ ወተቱ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት ወተት ውስጥ የተገኘው መርዝ በዋናነት ከኑግ ፋጉሎ ጋር የተያያዘ ነበር። ያን ወተት የሚጠጣው ልጅ ነው። ፋጉሎ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ደረቅ ቤት ውስጥ ይቀመጥ።

ውኃስ?

ብዙ ሰው መኖ ላይ ይጨነቅና ውኃን ይረሳል። የምትታለብ ዲቃላ ላም በቀን ከ50 እስከ 80 ሊትር ትጠጣለች፤ በሙቀት ደግሞ ከዚያም በላይ። በቀን ሁለት ጊዜ በባልዲ የምታጠጡ ከሆነ አልጠጣችም ማለት ይቻላል። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ገንዳዋ ውስጥ ይኑር። ብዙ ጊዜ «ወተቷ ቀነሰ» ለሚለው ሮሮ ርካሹ መፍትሔ ይሄ ነው።

ጭድ ብቻ ነው ያለኝ። በዩሪያ ማከም ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን በልክ። ለ100 ኪሎ ጭድ ወይም ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ጭዱን በላስቲክ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ በስሱ እያነጠፋችሁ ውኃውን በእኩል እያርከፈከፋችሁ እርገጡት። ከዚያ አየር እንዳይገባ አድርጋችሁ ለ21 ቀን ዝጉት። ስትከፍቱት ቢጫ ሆኖ፣ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይዞ ታገኙታላችሁ። የዕለቱን ከመስጠታችሁ በፊት ሽታው እንዲወጣ አንድ ሌሊት አናፍሱት።

ዩሪያውን እንዲሁ በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ወይም ሳይሟሟ መበተን ከብት ይገድላል። ከ6 ወር በታች ላሉ ጥጆችም አትስጡ።

ላሜ ኮርማ መፈለጓን እንዴት ልወቅ? አዳቃይ መቼ ልጥራ?

በየ21 ቀኑ ገደማ ትፈልጋለች፤ የሚቆየውም ከግማሽ ቀን ብዙ አይበልጥም። ትጮሃለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ መኖ ትቀንሳለች፣ ወተቷም ያን ቀን ጎደል ይላል። ከብልቷ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ጅራቷ ላይ ደርቆም ታገኙታላችሁ። ዋናው ምልክት ግን ሌላ ከብት ሲወጣባት ዝም ብላ መቆሟ ነው። እሷ ሌላ ላይ መውጣቷ ብቻ በቂ ማስረጃ አይደለም።

ጠዋት ያያችኋት ከሰዓት በኋላ ትዳቀል። ማታ ያያችኋት በማግስቱ ጠዋት። አዳቃዩ ዛሬ አይመችም ካለ ነገን አትጠብቁ፣ ሌላ ፈልጉ። አንድ ዙር ማለፍ የ21 ቀን መኖ ኪሳራ ነው። የተዳቀለችበትን ቀን ጻፉ፤ ከ283 ቀን ገደማ በኋላ ትወልዳለች።

ጥጃው እንደተወለደ ምን ላድርግ?

አፍና አፍንጫውን ጥረጉ። እትብቱን በአዮዲን ንከሩ። ከዚያ እንገር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ይጠጣ፤ በመጀመሪያው ቀን ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ማግኘት አለበት። 30 ኪሎ ከሆነ 3 ሊትር። ጥጃ ሲወለድ የራሱ የበሽታ መከላከያ የለውም፤ የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ነው። ሰዓታት ባለፉ ቁጥር ደግሞ አንጀቱ መቀበሉን ያቆማል። በማግስቱ የተሰጠ እንገር ምግብ ነው እንጂ መከላከያ አይሆንም።

እንገሩን ለቤት በልቶ ለጥጃው ቀሪውን መስጠት በየቤቱ ያለ ነገር ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ያቺ ጥጃ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ በረታችሁን የምትተካ ላም ናት።

ጥጃዋ ሞተባት፤ ወተት ከለከለች። ምን ይሻላል?

የሀገር ላም ጥጃዋን ካላየች ወተት አታወርድም። ገጠር ውስጥ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፈው በጭድ ይሞሉታል፤ ጨው ነስንሰው አጠገቧ ያቆሙታል። እየላሰች ታወርዳለች። የሚያሳዝን ቢመስልም ይሠራል። ዲቃላ ላም ግን ከመጀመሪያው ወሊድ ያለ ጥጃ መታለብ ትለምዳለች። ጡቷን በሞቀ ውኃ እጠቡ፣ አሹ፣ ፊቷ ድጋፍ መኖ አቅርቡ። ሁልጊዜ አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት ይለባት። መጮህና መምታት ወተት ያስከለክላል።

ወተቱ ውስጥ የረጋ ነገር አየሁ፤ ጡቷም ሞቋል።

የጡት በሽታ ነው። ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጥሩ። የታመመውን ጡት ደጋግማችሁ አልባችሁ ድፉት፤ ለጥጃም አትስጡት። መድኃኒት ከተወጋች ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ ወተቷ አይሸጥም። ከሌላው ጤነኛ ጡት የመጣውም ቢሆን።

መከላከያው በየቀኑ እጃችሁ ላይ ነው። እጅ ታጥቦ፣ ጡት ታጥቦ፣ በየላሙ በተለየ ጨርቅ ይደረቅ። የመጀመሪያውን ጠብታ ጥቁር ነገር ላይ አልባችሁ እዩት። የታመመች ላም መጨረሻ ላይ ትታለብ። ሲያበቃ የጡቱን ጫፍ አዮዲን ውስጥ ንከሩና መኖ ስጧት፤ ቆማ ስትበላ የጡቱ ቀዳዳ እስኪዘጋ እበት ላይ አትተኛም።

የትኞቹን ክትባቶች ላስከትብ?

አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ጉሮርሳ፣ የቆዳ ጉርብርብና የአፍና የእግር በሽታ ዋናዎቹ ናቸው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ለአብዛኞቹ ክትባት ያመርታል። የጊዜ ሰሌዳው እንደ አካባቢው ስለሚለያይ የቀበሌያችሁን ወይም የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። አዲስ የገባ ከብትን ከሌሎቹ ለይታችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆዩ።

ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትረዱት፣ ቆዳውን አትግፈፉ፣ ሥጋውን አትቀራመቱ። ሰው ይገድላል። ባለሙያ እስኪመጣ ከብትም ልጅም አይጠጋው።

ለድለባ ምን ዓይነት ከብት፣ መቼ ልግዛ?

አጥንቱ ትልቅ፣ ሥጋው የወረደ፣ ግን ጤነኛ የሆነ። በመኖ እጥረት የከሳ ከብት መኖ ሲያገኝ ቶሎ ይነሳል፤ ከበሽታ የከሳ ግን መኖውን በልቶ ባለበት ይቀራል። ልዩነቱ ዓይኑና ፀጉሩ ላይ ይታያል። የፈዘዘ ዓይን፣ የቆመ ፀጉር፣ የሚቀጥን እበት ካያችሁ ተዉት። ጥርሱን ያልጨረሰ ወይፈን ሥጋ ይጨምራል። ከእርሻ የወጣ በሬም ይሆናል፣ ጥርሱ ካላለቀ።

ጊዜውን ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ድለባ ከ90 እስከ 120 ቀን ነው። ለፋሲካ ከጥምቀት በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት ይገዛል። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል በግንቦት መጨረሻ፤ ያኔ ከብቱ በበጋ ከስቶ ስለሚወጣ ዋጋውም ይሻላል። ለገና መስከረም ውስጥ። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ቀኑን አስቀድማችሁ እዩ። እንደገባ የውስጥ ትል መድኃኒት ስጡት፤ መዥገሩን አስወግዱ። ድጋፍ መኖውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምሩ። በአንድ ቀን በቆሎ የተሞላ ሆድ ይገድላል።

ማድለብ ማየት የፈለገ ሐረርጌ ይሂድ። ገበሬው አንድ ሁለት በሬ ደጁ ላይ አስሮ፣ ከማሳው የበቆሎና የማሽላ ቅጠል እየሸለቀቀ፣ ከሚነቅለው ቡቃያ እየጨመረ በእጁ ያጎርሳል። መኖውን ከሰብሉ ጋር አብሮ ነው የሚያመርተው። የሐረር ሰንጋ ስሙን ያገኘው በዚህ ነው።

ጾም ሲገባ ወተቱን ምን ላድርገው?

ዓብይ ጾም 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ፍልሰታ ሲጨመሩ የጾሙ ቀን ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ይሆናል። ላም ግን አትጾምም። ስለዚህ ላም ከመግዛታችሁ በፊት የጾም ደንበኛ ፈልጉ። ሙስሊም ጎረቤቶች፣ ሆቴሎች፣ ሕፃን ያለባቸው ቤቶች፣ ዓመቱን ሙሉ የሚረከብ ማቀነባበሪያ ወይም ማኅበር። ቢሾፍቱ ላይ አዳአ፣ ፍቼ ላይ ሰላሌ የወተት ማኅበራት ለዚህ ነው የጠቀሙት። የተረፈውን ቅቤ አውጡት። እንደ ቅባቱ ከ16 እስከ 25 ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ይወጣዋል፤ ለፋሲካ ደግሞ ቅቤ ይፈለጋል።

ሌላው መላ የማዳቀያ ጊዜን ማስተካከል ነው። በሐምሌ አጋማሽ የተዳቀለች ላም በሚያዝያ ማብቂያ አካባቢ ትወልዳለች። የምትነጥፍባቸው ሁለት ወራት የካቲት ማብቂያ ላይ ጀምረው ከጾሙ ጋር ይገጥማሉ። ወተቷ ሲትረፈረፍ ዓብይ ጾም አልፏል። ብቻ የምትወልደው ሣር በሌለበት ወር ስለሆነ፣ በጥቅምት የተከማቸው ድርቆሽ እስከ ሰኔ መድረስ አለበት።

ወተቴን ማሰባሰቢያው ለምን መለሰብኝ?

ብዙውን ጊዜ ስለጀመረው ነው፤ ማለትም መኮምጠር ይዟል። የማታውን ወተት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሳታቆሙ አሳድራችሁ፣ ከጠዋቱ ትኩስ ወተት ጋር ከቀላቀላችሁ ማሰባሰቢያው ለመፈተሻ አልኮል ሲጨምርበት ይቆራረጣል። የፕላስቲክ ጀሪካን ማዕዘኑ አይታጠብም፤ ክዳን ያለው የአሉሚኒየም ዕቃ ግዙ። በወይራ የታጠነ ቅል ለቤት እርጎ ግሩም ነው፣ ለማሰባሰቢያ ግን አይሆንም። ከወለደች አምስት ቀን ያልሞላት ላም ወተት፣ የጡት በሽታ ያለባት፣ መድኃኒት የተወጋች፣ ውኃ የገባበት... እነዚህም ይመለሳሉ። ውኃ በላክቶሜትር (የወተት ውፍረት መለኪያ) ወዲያው ይታወቃል።

ያዋጣል?

ከወጪው ትልቁን የሚወስደው መኖ ነው። ላሟ ከዓመቱ 305 ቀን ትታለባለች ብላችሁ አስቡ፤ የምትበላው ግን 365 ቀን ነው። ሒሳቡ ውስጥ የጠባቂውን ደመወዝ፣ ሕክምናውን፣ የጥጃውን ወተት አስገቡ። ገቢው ላይ ጥጃውን፣ ፍጉንና ኩበቱን አትርሱ። በደብተር ላይ በየቀኑ የእያንዳንዷን ላም ሊትርና መኖ ጻፉ። ከወር በኋላ የትኛዋ ላም እንደምታበላችሁ፣ የትኛዋን እናንተ እንደምታበሏት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሦስት ጊዜ ተዳቀለች፤ አልያዘችም። ልሽጣት?

ገና አትሽጧት። መጀመሪያ ሰዓቱን መርምሩ፤ ብዙው ችግር ኮርማ መፈለጓን ዘግይቶ ማየት ነው። ቀጥሎ ሰውነቷን እዩ። ጎድኗ የሚቆጠር ላም አትይዝም። ከወለደች ጊዜ ጀምሮ የከሳች ከሆነ መኖዋን አስተካክሉና ጠብቁ፤ ማዕድን ያለው ጨው ስጧት። ሦስተኛ፣ የኮርማው ዘር የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ጎድሎ ከነበረ ጥፋቱ የላሟ አይደለም፤ አዳቃዩን በግልጽ ጠይቁት። ከብልቷ የደፈረሰ ነገር የሚወጣ ከሆነ ማህፀኗ ታሟል፣ ሐኪም ይያት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልያዘች ያኔ አድልባችሁ ሽጧት።

መንታ ወለደች፣ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት። ሴቷን ለወተት ላሳድጋት?

አይመከርም። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጥጃ ከአሥሩ በዘጠኙ መሲና ትሆናለች። ማህፀን ውስጥ ደማቸው ስለሚቀላቀል የወንዱ ሆርሞን የእሷን መራቢያ አካል ያበላሸዋል። ሐኪም ገና በጥጃነቷ ሊለይላችሁ ይችላል። መሲና ከሆነች ከወንድሟ ጋር ለሥጋ አሳድጓት። ሁለቱም ወንድ ወይም ሁለቱም ሴት ከሆኑ ግን ምንም ችግር የለውም።